ካምቢዮ ከማስወረዳችሁ በፊት ጎንበስ ብላችሁ እዩ፦ ስለ አሮጌ ላንድ ክሩዘር ለተጻፈው ምላሽ

ሰሞኑን አሮጌ ላንድ ክሩዘር ላላቸው ሰዎች ምክር ተብላ የተጻፈች አንድ ጽሑፍ ከሹፌር ሹፌር ስትዞር ነበር፣ እኔም ጋ ደረሰች። ላላነበባችሁ ባጭሩ እንዲህ ነው የምትለው፦ ማርሽ አልገባ ካለ ሸራው (በግራ እግር የሚረገጠው ፍሪሲዮን ውስጥ ሞተርና ካምቢዮን የሚያያይዘው ሳህን) አልቋል ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ) ይውረድ፣ ድምፅ ካለ ካምቢዮው ነው፣ የፍሪሲዮን ዘይት ከጎደለ የመሪ ዘይት ጨምሩበት፣ ፍሪሲዮን ከተንሸራተተ ኮካ አፍስሱበት፣ ጥቁር ጭስ ካለ ሞተሩ ሞቷል፣ ጠዋት አልነሳ ካለ በአየር መሳቢያው ቤንዚን ስጡት፣ ካሞቀ ተርሞስታቱን (የሞተሩን ውሃ ሙቀት የሚቆጣጠረውን በር) አውጥታችሁ ጣሉት፣ ናፍጣ ላይ ላምባ ቀላቅሉ፣ ታይሚንግ (ቫልቮላና ፒስተን በጊዜያቸው እንዲሄዱ የሚያቀናጀው) ደግሞ ጥርስ ስለሆነ ዕድሜ ልክ አይነካም። ጸሐፊው ወንድማችን በቅን ልቦና እንደጻፈው አልጠራጠርም፣ ዘይትና ፊልትሮ በጊዜው ቀይሩ ያለውንም ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። የቀረውን ግን ሰው አምኖ ቢሰራበት ጤነኛ መኪና ያበላሻል፣ አንዱ ምክርማ ሰው ይገድላል፣ ስለዚ ዝም ማለት አልቻልኩም።

መጀመሪያ ነገር «አሮጌ ላንድ ክሩዘር» ብሎ ሁሉንም ባንድ መጨፍለቅ አይሆንም። ገጠር መንገድ ላይ የምናያቸው 75 የሚባሉት ላንድ ክሩዘሮች ራሳቸው በብዛት ሁለት ዓይነት የናፍጣ ሞተር ይዘው ነው የመጡት። እስከ 1990 በፈረንጆቹ ድረስ የነበሩት 2ኤች የሚባለውን 4 ሊትር ገደማ ባለ ስድስት ሲሊንደር ነው የያዙት፣ ከዛ ወዲህ ያሉት ደግሞ 1ኤችዜድ ናቸው፣ ባለ 4.2 ሊትር፣ እሱም ስድስት ሲሊንደር። ከውጭ ሲታዩ መኪኖቹ ወንድማማች ናቸው፣ ሞተሮቹ ግን የናፍጣ ፖምፓቸውም ይለያል ታይሚንጋቸውም ይለያል፣ ለአንዱ የሚሰራ ምክር ሌላውን ገደል ይከታል። ይሄን ወደኋላ ላይ በደንብ ታዩታላችሁ። እና እባካችሁ መጀመሪያ ኮፈን ከፍታችሁ የትኛው ሞተር እንዳላችሁ እወቁ።

አሁን ወደ ነጥቦቹ ልግባ። «ማርሽ አልገባ ካለ ወይ እየጮኸ ከገባ ሸራው አልቋል፣ ካምቢዮ ይውረድ»። ከሁሉም በላይ ያበሳጨኝ ይሄ ነው ምክንያቱም ነገሩ የተገለበጠ ነው። ሸራ ሲያልቅ ፍሪሲዮን ይንሸራተታል እንጂ ማርሽ አይከለክልም። ማርሽ የሚከለክለው ፔዳል ረግጣችሁም ፍሪሲዮኑ ሳይለቅ ሲቀር ነው፣ ማለትም ሞተሩ የካምቢዮውን ዘንግ እያሽከረከረው እያለ እናንተ ማርሽ ለማስገባት ስትታገሉ ነው። ሁለቱ ተቃራኒ በሽታዎች ናቸው፣ አንዱ አልይዝም ይላል ሌላው አልለቅም ይላል፣ መድኃኒታቸውም ለየቅል ነው።

መለያው ደግሞ አንድ ብር አያስወጣም። ሞተሩን አጥፉና ማርሾቹን አንድ በአንድ አስገቧቸው፣ ያለችግር ከገቡ የካምቢዮው ውስጥ ደህና የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ከዛ ሞተሩን አስነሱ፣ ፔዳሉን እስከ ታች ረግጣችሁ ትንሽ ጠብቁና ሪቨርስ አስገቡ። የነዚ መኪኖች ሪቨርስ ሲንክሮናይዘር (ማርሽ ሲገባ ፍጥነቱን የሚያመሳስለው ቀለበት) ስለሌለው አይዋሽም፣ ጠብቃችሁም ከጮኸ ፍሪሲዮኑ አልለቀቀም ማለት ነው። አሁን ደግሞ ፔዳሉን ቶሎ ቶሎ ረገጥ ረገጥ አድርጉና ድጋሚ ሞክሩ፣ ከተሻለው ችግሩ የፔዳሉን ግፊት በፈሳሽ የሚያደርሰው የፍሪሲዮን ፖምፓ ነው ወይ መስመሩ ውስጥ የገባ አየር ነው፣ ካምቢዮ ጋ የሚያደርሳችሁ ነገር ገና የለም።

ቀጥሎ ከስር መግባት ነው። ካምቢዮው ጎን ላይ ያለችውን የታችኛዋን የፍሪሲዮን ፖምፓ ፈልጓት፣ ጫፏ ላይ አቧራ የሚከላከል ጎማ አለ፣ እሱን በካቻቢቴ ጫፍ ገለጥ አድርጉት። ውስጡ ደረቅ መሆን አለበት። ጠብ ካለላችሁ ወይ ጭቃ የመሰለ ጥቁር እርጥበት ካያችሁ ጎሚኒው (ውስጡ ያለው የጎማ ማሸጊያ) አልቋል። ወደ ላይኛው ፖምፓ ስትመጡ ደግሞ ከፔዳሉ በላይ እጃችሁን ሰዳችሁ ዘንጉ ወደ ፖምፓው የሚገባበትን ቦታ ዳብሱት፣ ጣታችሁ ከረጠበ፣ በዛ አካባቢ ደግሞ ቀለሙ ተልጦ ቆርቆሮው ከታየ (የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣልና) የላይኛው ነው እያፈሰሰ ያለው። ከዛ ሌላ ሰው ፔዳል እያስረገጣችሁ የታችኛዋ ፖምፓ ዘንግ ምን ያህል እንደምትወጣ እዩ፣ አንድ ሴንቲሜትር እንኳን የማትሞላ ከሆነ ፍሪሲዮኑ እንዴት ብሎ ይለቃል?

ማንም ዞር ብሎ የማያያት ደግሞ ከብረቱ መስመር ወደ ታችኛው ፖምፓ የምትሄደው ተጣጣፊ የጎማ ቱቦ ናት። ሰው እየረገጠ እናንተ በመዳፋችሁ ጨብጧት። ያረጀች ከሆነ እንደ ፊኛ ስትነፋ እጃችሁ ላይ ይሰማችኋል፣ ግፊቱ ፍሪሲዮን ጋ መድረሱ ቀርቶ እሷ ሆድ ውስጥ ያልቃል። ከደብረ ታቦር በኩል የመጣ አንድ 75 አውቃለሁ፣ አንድ ጋራዥ ካምቢዮውን አውርዶ ሸራውንም ፕሬሸር ፕሌቱንም (ሸራውን የሚጫነውን ሳህን) ኩሽኔታውንም (ቤሪንጉን) ቀይሮ ሲመልሰው ማርሹ ያው አልገባም። ድጋሚ ሊወርድ ሲል ነው ሰው መሃል ገብቶ ያችን ቱቦ የጨበጣት። ቱቦዋን መቀየርና አየር ማስወጣት፣ በቃ ይሄው ነበር ስራው። ባለቤቱ ግን ሸራ ገዝቷል፣ የጉልበት ከፍሏል፣ መኪናው ቆሞ ገበያ አልፎታል። ለከተማ ሰው መኪና መቆም ታክሲ መያዝ ነው፣ ለሱ ግን የልጆች ቀለብ ነው፣ እኔም ይሄን ሁሉ የምጽፈው ለዛ ነው።

መስመሩ ሁሉ ደህና ሆኖም አልለቅ ካለ ያኔ ነው ወደ ውስጥ የሚታሰበው። ፎርኩ (ኩሽኔታውን የሚገፋው ሹካ) ተሰንጥቆ ወይ የሚያርፍበት ኳስ ተበልቶ ሊሆን ይችላል፣ ሸራው በዘንጉ ጥርስ ላይ ዝጎ አልንሸራተት ብሎ ሊሆን ይችላል፣ ወይ ፍላይዊሉ (ሸራው የሚያርፍበት፣ ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ከባድ ብረት) መሃል ያለችው ትንሿ ኩሽኔታ ደርቃ ዘንጉን ይዛው እየዞረች ሊሆን ይችላል። አንድ ሌላ የተለመደ ነገር አለ፣ ክረምቱን ሙሉ የቆመ መኪና ሸራው ከፍላይዊሉ ጋር በዝገት ይጣበቃል። ይሄን ብዙ ጊዜ ሳይወርድ ማላቀቅ ይቻላል፦ ሞተሩን አሙቃችሁ አጥፉ፣ ፊት ለፊቱ ሰውም ከብትም የሌለበት ሜዳ ላይ ሁኑ፣ ሁለተኛ ማርሽ አስገብታችሁ ፔዳሉን እስከ ታች እንደረገጣችሁ አስነሱት፣ መኪናው መሄድ ይጀምራል፣ ፔዳሉን ሳትለቁ ነዳጅ ሰጥ መለስ እያደረጋችሁ ንዱት፣ ብዙውን ጊዜ ቷ ብሎ ይላቀቃል። ፍሬናችሁ አስተማማኝ ካልሆነ ግን እንዳትሞክሩት።

ድምፅ ሁሉ ካምቢዮ ነው ለሚለው ብዙ አልልም፣ ጆሮ ብቻ ነው የሚፈልገው። ፔዳል ስትረግጡ የሚጀምርና ስትለቁ የሚጠፋ ጩኸት የፍሪሲዮን ኩሽኔታ ነው። በተቃራኒው ማርሽ ነፃ ሆኖ ፔዳል ለቃችሁ የሚጮህ፣ ስትረግጡ ደግሞ የሚጠፋ ከሆነ አዎ፣ እሱ የካምቢዮው የፊተኛ ኩሽኔታ ነው፣ እዚህ ላይ ጸሐፊው ትክክል ነው። ቆማችሁ ማርሽ አስገብታችሁ ፔዳሉን እስከ ታች ረግጣችሁ ብቻ የሚሰማ ከሆነ ፍላይዊሉ መሃል ያለችውን ትንሿን ጠርጥሩ።

አሁን ሰው ይገድላል ያልኩት ጋ ደርሻለሁ። «የፍሪሲዮን ዘይት ከጠፋ የመሪ ዘይት ወይ የሞተር ዘይት ጨምሩበት፣ ያው ዘይት ነው»። ያው አይደለም! የፍሪሲዮንም የፍሬንም መስመር የሚሰራው በአንድ ዓይነት ፈሳሽ ነው፣ ዶት 3 ወይ ዶት 4 በሚባለው፣ እሱ ደግሞ ከድፍድፍ ነዳጅ የሚወጣ ዘይት አይደለም። ጎሚኒዎቹ ለሱ ተብለው የተሰሩ ናቸው፣ የመሪ ወይ የሞተር ዘይት ሲነካቸው ያብጣሉ፣ ይላላሉ፣ ጉድጓዳቸው ውስጥ ይቀረቀራሉ። መጀመሪያ ቀን መኪናው ይሰራል፣ ለዛ ነው ሰው «ኧረ እኔ አድርጌው ሰርቷል» የሚለው፣ ከሰነበተ ግን ፖምፓው እንዳለ ይያዛል። የፍሪሲዮንና የፍሬን ዕቃ ደግሞ ኮፈን ስር ጎን ለጎን ነው ያሉት፣ ይሄን ምክር የለመደ ረዳት በጨለማ አንድ ቀን ክዳን ተሳስቶ ፍሬኑ ላይ ቢጨምረውስ? ሰው ሞልቶ አባይ በረሃን ሲወርድ ፍሬን እምቢ ቢለውስ? ዶት 3 ጠርሙስ ዋጋዋ ትንሽ ናት፣ ወንበር ስር አስቀምጧት፣ ክዳኗ አንዴ ከተከፈተ ግን እርጥበት ስለምትስብ ለዓመታት አታቆይዋት። ዘይት የተቀየጠበት መኪና ከገጠማችሁ ደግሞ ማጠብ ብቻ አይበቃም፣ ጎሚኒዎቹን ሁሉና ቱቦዋን ቀይሩ።

ስለ መንሸራተትና ስለ ኮካው። ኮካ ማፍሰስ የመንገድ ላይ ዘዴ እንደሆነ አውቃለሁ፣ በረሃ ላይ ሸራው ዘይት ነክቶት ዳገት አልወጣም ያለ መኪና ለሆነች ሰዓት ይዞ ሊያስወጣችሁ ይችል ይሆናል። ጽሑፉ ግን እንደ ጥገና ነው ያቀረበው፣ ዘይቱ ከየት መጣ ብሎ እንኳን አልጠየቀም። መጀመሪያ በእርግጥ መንሸራተቱን እወቁ፦ በአራተኛ ማርሽ ዝግ ብላችሁ እየሄዳችሁ ድንገት ነዳጅ ስጡት፣ የሞተሩ ድምፅ ወደ ላይ ወጥቶ ፍጥነቱ ካልተከተለ እየተንሸራተተ ነው። ወይ ቆማችሁ የእጅ ፍሬን ይዛችሁ በአራተኛ ማርሽ ፔዳሉን ልቀቁ፣ ጤነኛ ፍሪሲዮን ሞተሩን ወዲያው ያጠፋዋል፣ ካላጠፋው አልያዘም፣ ይሄን ግን ደጋግማችሁ አትሞክሩ ሸራውን ታቃጥሉታላችሁ። ከዛ ወደ ሸራው ከመሄዳችሁ በፊት ፔዳሉ ላይ ትንሽ ነፃ እንቅስቃሴ እንዳለ በእጅ ተጫኑትና እዩ፣ ጭራሽ ከሌለው ዘንጉ ተወጥሮ ኩሽኔታውን ሁልጊዜ እየገፋ ነው፣ እግራችሁን ፔዳል ላይ አስቀምጣችሁ የመንዳት ያህል ነው፣ አዲስ ሸራም ቢሆን ይበላል። ይሄ በመፍቻ የሚስተካከል ነገር ነው።

ነፃ እንቅስቃሴው ካለ፣ ፍላይዊሉን ከሚሸፍነው ቤት ስር ወደ ታች ያለችውን የማፍሰሻ ቀዳዳ እዩ። (ላንድ ሮቨር ያላችሁ ደግሞ እዛ ቀዳዳ ላይ ወንዝ ሲሻገሩ የሚታሰር ብሎን አለ፣ ታስሮ ከተረሳ ዘይቱ ውስጥ ተጠራቅሞ ሸራውን ይነክረዋል።) እርጥበት ካለ በነጭ ጨርቅ ጥረጉና አሽትቱት። ጥቁርና ቀጭን ከሆነ የሞተር ዘይት ነው፣ የሞተሩ የኋላ ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው የጎማ ቀለበት) አልቋል። ወፈር ያለና ድኝ ድኝ የሚል ከሆነ የካምቢዮ ዘይት ነው፣ የካምቢዮው የፊት ፓራኦሊዮ ነው። ዘይት የጠጣ ሸራ አይታጠብም አይደርቅም፣ መቀየር አለበት፣ ፓራኦሊዮውን ሳትቀይሩ ሸራ ብትቀይሩ ደግሞ በወሩ እዛው ናችሁ። እዚህ ጋ ካምቢዮ መውረዱ ግድ ነው፣ እና አንዴ ከወረደ አይቀር ሸራ፣ ፕሬሸር ፕሌት፣ ሁለቱን ኩሽኔታና ፓራኦሊዮዎቹን ባንዴ ጨርሱ። ፍላይዊሉንም እዩት፣ ሰማያዊ ቃጠሎና ስንጥቅ ካለበት ቶርኖ ቤት ይሂድ፣ እሱ ሳይስተካከል አዲስ ሸራ ብትገጥሙ ስትነሱ ይንቀጠቀጣል።

«ጥቁር ጭስ ካለና የዘይት ክዳን ስትከፍቱ ጭስ ከወጣ ሞተሩ ሞቷል» ይላል ደግሞ። እዚህ ላይ ጸሐፊው የሀገሩን ከፍታ የረሳ ይመስለኛል። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ከባህር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ያንሳል፣ እነዚህ ሞተሮች ደግሞ ቱርቦ የላቸውም፣ ያገኙትን አየር ብቻ ነው የሚስቡት። የናፍጣ ፖምፓው ለቆላ ተስተካክሎ ሲመጣ ደጋ ላይ ናፍጣው በዛ አየሩ አነሰ፣ ያልተቃጠለው በጥቁር ጭስ ይወጣል። ከመተማ የመጣ መኪና ደባርቅ ላይ ቢያጨስ ሞተር አይወርድለትም። አንዳንዱ ፖምፓ ለከፍታ ራሱ የሚያስተካክል ክፍል አለው፣ የሌለውን ደግሞ የናፍጣ ፖምፓ ባለሙያ ትንሽ ቀነስ ያደርገዋል። 2ኤች ላይ ሌላም አለ፣ ብዙዎቹ ፖምፓዎች ናፍጣውን የሚቆጣጠሩት በአየር ስበት በሚሰራ ዲያፍራም (ቀጭን ተጣጣፊ ሽፋን) ነው፣ እሱ ሲደርቅ ወይ ሲቀደድ ናፍጣው ይበዛል፣ መኪናው ጥቁር ያጨሳል ዝቅ ባለ ዙር ላይም ይወዛወዛል፣ መድኃኒቱ ዲያፍራም መቀየር ብቻ ነው።

ከዚ ሁሉ በፊት ግን የአየር ፊልትሮውን። አፋር ወይ ቦረና የሚሰራ መኪና ፊልትሮው በጥቂት ጊዜ ውስጥ ዱቄት ይሞላል። ፊልትሮውን አውጡና ከሱ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ወፍራም ጎማ ፈትታችሁ ጣታችሁን ውስጡ አስገብታችሁ አዙሩት። ንፁህ ከወጣ ደህና። ጣታችሁ ላይ ቀይ ወይ ግራጫ ዱቄት ከተለጠፈ፣ ሞተሩ ፊልትሮውን አልፎ አቧራ እየበላ ነው፣ ጎማው ተሰንጥቋል ወይ ክላምፑ ላልቷል፣ ይሄ ነው ፋሻና (የፒስተኑን ቀለበትና) ሲሊንደር የሚጨርሰው፣ ዛሬውኑ አስተካክሉት። የዘይት ክዳኑን በተመለከተ ማንኛውም አሮጌ ናፍጣ ትንሽ ይተነፍሳል። ክዳኑን ሳታጠብቁ ቀዳዳው ላይ አስቀምጡት፣ ትንሽ ከተንቀጠቀጠ የዕድሜ ነው፣ ወርውሮ ከጣለው ያሳስባል። ያኔም ቢሆን ሞተር ከማስወረዳችሁ በፊት ኮምፕረሽን (የየሲሊንደሩን የጨመቃ ግፊት) አስለኩ፣ ስድስቱም ተቀራራቢ ሆነው ትንሽ ዝቅ ማለትና አንዱ ለብቻው መውደቅ የተለያየ ታሪክ ነው። ሰማያዊ ጭስ ከሆነ ዘይት እየተቃጠለ ነው፣ እሱ ላይ አልከራከርም።

ጠዋት አልነሳ ስላለው። በአየር መሳቢያ ቤንዚን ወይ ኤተር መስጠት በጣም አደገኛ ነው። እነዚህ ሞተሮች የጨመቃ ልካቸው ከ20 ለ1 በላይ ነው፣ ማሞቂያ ካንዴላቸው ደግሞ እሳት መስሎ ይግላል፣ እዛ ላይ ቤንዚን ሲገባ ጊዜውን ሳይጠብቅ ይፈነዳል፣ ፋሻ ይሰብራል ፒስተን ይሰነጥቃል፣ ኮፈን ላይ ያጎነበሰውንም ሰው ፊቱን ሊያቃጥል ይችላል። ደግሞም ለምን እንዳልተነሳ አልነገራችሁም። ጭስ ማውጫውን እዩ። ሞተሪኖው (ማስነሻው) እያዞረ ነጭ ጭስ እየወጣ ካልተነሳ ናፍጣው እየደረሰ ነው፣ ሙቀት ነው የጎደለው። እነዚህ ሞተሮች ናፍጣውን በጎን ባለች ትንሽ ክፍል ውስጥ ስለሚያቃጥሉ ደብረ ብርሃን ላይ ጠዋት ካለ ማሞቂያ አይነሱም። ካንዴላዎቹን የሚያገናኘውን ብረት ፍቱና ትንሽ አምፖል አንዱን ሽቦ ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላውን በየተራ ካንዴላው ራስ ላይ ንኩ፣ ያልበራው የተቃጠለ ነው። ስትገዙ ላዩ ላይ የተጻፈውን ቮልት ከአሮጌው ጋር አስተያዩ፣ ቮልቱ የተሳሳተ ካንዴላ ሶማሌ ተራ ተገዝቶ ገብቶ በሳምንቱ ሲቃጠል በተደጋጋሚ የሚታይ ነገር ነው።

ጭስ ጭራሽ ካልወጣ ግን ናፍጣው አልደረሰም። ፊልትሮው ራስ ላይ ያለችውን የእጅ ፖምፓ ጠንከር እስክትል ጫኗት፣ ከዛ ከተነሳ ሌሊት አየር እየገባ ነው፣ ቱቦዎቹንና ክላምፖቹን ተከታተሉ። 1ኤችዜድ ላይ ቁልፍ ስትከፍቱ ፖምፓው ላይ ቀጭ የምትል ድምፅ መሰማት አለባት፣ ካልተሰማች ናፍጣ የሚከፍተው ሶሌኖይድ ወይ ሽቦው ነው። 2ኤች ላይ ደግሞ ፖምፓውን በዘንግ የምትጎትት ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር አለች፣ ቁልፍ ስትከፍቱ ስትንቀሳቀስ በዓይን ትታያለች። ሞተሪኖው ራሱ ቀጭ ብሎ ዝም ካለ ባትሪው ደህና ሆኖ፣ አዲስ ሞተሪኖ አትግዙ፣ ውስጡ ያሉት ሁለት የመዳብ ቁራጮች ተበልተው ነው ብዙ ጊዜ፣ እነሱን መቀየር ይበቃል።

«ካሞቀ ተርሞስታቱን አውጥታችሁ ጣሉት»። ይሄ ልማድ ሀገር ምድሩን ሞልቶታል ስለዚ ጸሐፊውን ብቻ መውቀስ አልፈልግም። ግን 1ኤችዜድ ላይ ተርሞስታቱ ከስሩ ሁለተኛ ሳህን አለው። ሲሞቅ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን በር ይከፍትና በዛው እርምጃ አቋራጩን ይዘጋል። አውጥታችሁ ስትጥሉት አቋራጩ ሁልጊዜ ክፍት ሆኖ ይቀራል፣ ከትኩሱ ውሃ የተወሰነው ራዲያተር ሳይደርስ ተመልሶ ሞተር ውስጥ ይዞራል፣ ዳገት ላይ ጭራሽ ይብሳል፣ ሜዳ ላይ ደግሞ ሞተሩ ሳይሞቅ እየሰራ ነዳጅ ይበላል። ተርሞስታቱን ከጠረጠራችሁት ድስት ውስጥ ከውሃ ጋር አፍሉት። አዲስ አበባ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ተርሞስታቱ ደግሞ ከዛ በፊት መከፈት ስለሚጀምር ውሃው ሲንተከተክ አፉን ካልከፈተ ሞቷል፣ አዲስ ግዙ።

ያችን 92 ዲግሪ ያዙልኝ። የራዲያተር ክዳን ላይ 0.9 የሚል ወይ ተመሳሳይ ቁጥር ተጽፏል፣ ያ ግፊት ነው፣ ክዳኑ ደህና ከሆነ ውሃው ደጋ ላይም ከ110 ዲግሪ በላይ ካልደረሰ አይፈላም። የክዳኑ ጎማ ካለቀ ግን ሞተሩ ምንም ሳይሆን ውሃው 92 ላይ ይፈላና ሰው ቴስታታ (የሞተሩን ራስ) ያስወርዳል። ከክዳኑ በኋላ ራዲያተሩን ከፊት በባትሪ መብራት እዩት፣ ጭቃና ገለባ ከሞላው ከሞተሩ በኩል ወደ ውጪ እጠቡት። ቺንጋው (ፋኑን የሚያዞረው ቀበቶ) ላልቶ እንደሆን ተጫኑት። ፋኑን ሞተሩ ግሎ ከጠፋ በኋላ በእጅ አዙሩት፣ ያለ ምንም መከልከል ከሾረ ውስጡ ያለው ሲሊኮን አልቋል። ቴስታታ ጓርኒሲዮን (ከቴስታታው ስር ያለው ማሸጊያ) የመጨረሻው ተጠርጣሪ ነው፣ እሱንም ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ክዳን ከፍታችሁ አስነሱና እዩ፣ ውሃው ሳይሞቅ ቡልቅ ቡልቅ እያለ አረፋ ካላቋረጠ ያኔ አዎ። የጋለ ራዲያተር ክዳን ግን በጭራሽ አትክፈቱ።

ላምባውን ባጭሩ። የ1ኤችዜድ የናፍጣ ፖምፓ የሚለሰልሰው በራሱ በናፍጣው ነው፣ ሌላ ዘይት አይገባበትም። ላምባ ደግሞ ደረቅ ነው፣ ኢንጄክተር ያጸዳል ተብሎ ሲቀላቀል ፖምፓውን ነው የሚፍቀው፣ ፖምፓው ደግሞ ከመኪናው ውድ ዕቃዎች አንዱ ነው። በበርሜል ናፍጣ የምትገዙ ሰዎች ይልቅ ፊልትሮው ስር ያለችውን የውሃ ማፍሰሻ ቶሎ ቶሎ ክፈቷት፣ ኢንጄክተር ማጽዳት ከሆነ የተፈለገው ናፍጣ ፖምፓ ቤት አስፈትሹት።

የመጨረሻው ነጥብ ታይሚንግ ነው፣ «የላንድ ክሩዘር ታይሚንግ ጥርስ ነው፣ አይነካም»። ለ2ኤች እውነት ነው፣ ጥርስ በጥርስ ነው። ለ1ኤችዜድ ግን ፍጹም ስህተት ነው፣ እሱ የሚሰራው በጎማ ቤልት ነው፣ በ100,000 ኪሎሜትር መቀየር አለበት፣ ከተበጠሰ ቫልቮላዎቹ ከፒስተኑ ጋር ይጋጫሉ፣ ከዛ ወዲያ የሚወራው ስለ ሙሉ ቴስታታ ነው። ብዙዎቹ ዳሽቦርድ ላይ ቲ-ቤልት የሚል መብራት አላቸው፣ ጊዜው ሲደርስ ይበራል። መብራቱ ግን የሚበራው በኪሎሜትር ቆጣሪው ስለሆነ የኪሎሜትር ጌጁ የሞተ መኪና ላይ በጭራሽ አይበራም፣ በነዚህ መኪኖች ዕድሜ ደግሞ ጌጁ የሚሰራው ስንቱ ነው? ሁለተኛ እጅ 1ኤችዜድ ከገዛችሁና ሻጩ መቼ እንደተቀየረ በማስረጃ ካላሳያችሁ እንዳልተቀየረ ቁጠሩትና ቀይሩት፣ የሚወጥረውን ኩሽኔታ ጭምር። ከዛ ቀኑንና ኪሎሜትሩን በማይለቅ ማርከር ፊት ለፊት የቤልቱ ፕላስቲክ ክዳን ላይ ጻፉት፣ ጌጁ የማይሰራ ከሆነ ቀኑን ብቻ፣ መኪናውን ነገ የሚነዳውም ሆነ ከእናንተ የሚገዛው ሰው ኮፈን ሲከፍት ያገኘዋል።